ቀድሞ የመጣ ምስጋና

ቀይ እስክሪብቶዬ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ብዙ ሰው አስለቅሳለች። ዛሬ ነጭ ጋዋን ለብሶ መርፌ የሚወጋኝ ነርስ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ከአሥር ሦስት የሰጠሁት ልጅ ነው፤ መርፌውን ሲሰካው ያቺን ሦስት የሚያስታውሳት ይመስለኛል። አልጸጸትም። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ሥራዬ ማረም ነው። ከሰጠኋቸው ማርኮች ሁሉ እስከ ዛሬ የምታሳፍረኝ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ከአሥር አራት ናት።

ጊዜው ኅዳር ነበር፤ ለዘጠነኛ ክፍል የደብዳቤ አጻጻፍ አስተምር ነበር። ፈረንጆቹ ደብዳቤ ሲዘጉ "ቴንክ ዩ ኢን አድቫንስ" የሚሏት ነገር አለች፤ በቅድሚያ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ልጆቹ ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። አባቶቻቸው ስለ ማዳበሪያም ይሁን ስለ መሬት ማመልከቻ ባስገቡ ቁጥር ጸሐፊው "ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ" ብሎ እንደሚዘጋው ያውቃሉ። ያስቸገረኝ "ኢን አድቫንስ" ብቻዋን ስትቆም ነው። ቀድሞ፣ ነገሩ ሳይደርስ በፊት ማለት ነው አልኳቸው። የቤት ኪራይ ኢን አድቫንስ ይከፈላል፤ እንግዳ ሲመጣ ኢን አድቫንስ ይነገራል። "እስቲ ምሳሌ ስጡኝ" ስል ከኋላ ወንበር አንዱ ተነሣና "አያቴ ኢን አድቫንስ ሞቱ" አለኝ። ስንት ዓመታቸው ነበር ብዬ ብጠይቀው "ሰማንያ፤ ግን ገና ነበሩ" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ሳቅሁ፤ ተማሪ ፊት መሳቅ አልወድም።

ከዚያ አጠቃቀሟን ላስረዳቸው ብዬ እጄን ወገቤ ላይ አደረግሁ። "ይቺን አባባል ዝም ብላችሁ አትበትኗት" አልኩ። "ገና ላላደረገልህ ነገር ሰውየውን ካመሰገንከው፣ እንቢ የሚልበትን በር ዘግተህበታል። ትሕትና ትመስላለች እንጂ ጉልበተኛ ናት።" ይህን ስል መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች፣ ከማንኩሳ ማዶ ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ ቀና ብላ አየችኝ። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገች። ትምህርቱ ገባት ብዬ ደስ አለኝ።

እኔ ራሴ ያቺን አባባል ወድጃት አላውቅም። ያደግሁት ቡሬ፣ ጨርቅ ነጋዴ ቤት ነው። በእኛ ቤት ወደፊት ለሚሆን ነገር "ኢንሻአላህ" ይባላል፣ ለሆነ ነገር "አልሐምዱሊላህ" ይባላል፤ ሁለቱ ቦታ አይለዋወጡም። አባቴ ደግሞ አንድ የሱቅ ሕግ ነበራቸው፤ በእጅህ ለሌለ ዕቃ ቀብድ አትቀበል ይሉ ነበር። ቀብድ የተቀበለ ሰው ራሱ ተሽጧል ባይ ናቸው። በዚህ ስላደግሁ ምስጋና ከሥራው በኋላ መምጣት አለበት ብዬ አምን ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ እንኳ ደስ አይለኝም፤ ወተቷን ማመስገን ደግሞ ጭራሽ።

የቤት ሥራው አንድ ደብዳቤ መጻፍ ነበር፤ ለማንም ይሁን፣ ስለ ምንም ይሁን። አብዛኞቹ ለርእሰ መምህሩ ጻፉ፤ ኳስ ይገዛልን፣ ሽንት ቤቱ ይጠገንልን። ያቺ የመስኮቷ ልጅ ግን የጻፈችው ለእኔ ነው። "ውድ መምህሬ" ብላ ትጀምርና ጤንነቴን ትጠይቃለች። ከዚያ ስለ ቤቴ ታወራለች። አጥሬ ንጹሕ ነው፤ የግቢዬ በር አረንጓዴ ነው፤ ግቢዬ ጸጥታ አለው፤ ከጓሮ ያለችው ክፍል መስኮቷ ሁልጊዜ ዝግ ነው። ከዚያ "ቴንክ ዩ ኢን አድቫንስ" ብላ ስሟን ጽፋ ትፈርማለች። ስለ ምን እንደምታመሰግነኝ የሚናገር አንድ መስመር የለም። ከሥሩ በቀይ "ጥያቄሽ የት አለ? ደብዳቤው ጎደሎ ነው" ብዬ ጽፌ ከአሥር አራት ሰጠኋት። እጅ ጽሕፈቷ ስለሚያምር ነው እንጂ ሦስትም ይበዛባት ነበር።

በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ የግቢዬ በር ተንኳኳ።

ብቻዬን ነበር የምኖረው። አንድ ጊዜ አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት በራሴ ቁልፍ ከፍቼ በራሴ ቁልፍ ስዘጋ ኖሬአለሁ። ከሥራ መልስ ጫማዬን አውልቄ፣ ሻይ አፍልቼ፣ ከዋናው መንገድ የሚመጣውን የባጃጅ ጡሩምባ ከሩቁ እየሰማሁ ደብተር ማረም ነበር ዓለሜ። ሳይነገር የሚመጣ እንግዳ አልወድም። በሩን ስከፍት አንድ ጋቢ የለበሱ ገበሬ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ ይዘው ቆመዋል።

"የልጅቱ አባት ነኝ" አሉ።

"የየትኛዋ?"

"የዚያችው፣ ደብዳቤ የጻፈችልዎ።"

ግቡ ብላቸው አልገቡም። ባልዲውን በረንዳው ላይ አኖሩና ቆብ አውልቀው እጅ ነሡ። "እግዜር ይስጥልን መምህርት። እኛ በምን አቅማችን እንከፍልዎታለን፤ ብድሩን እሱ ይክፈልዎ" አሉ።

"ምን አደረግሁላችሁና?"

"ኧረ ስንቱን!" አሉና ሄዱ።

ባልዲውን ብከፍተው ማር ነው፣ ከነሠፈፉ። አስተማሪ ከወላጅ ምስጋና የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ ልጅቱ ከአሥር አራት ማግኘቷን ረስቼ ደስ አለኝ። ያን ቀን ሻዬን በማር ጠጣሁ። እውነቱን ልናገርና ግሩም ማር ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት በርበሬ መጣ። የቡሬ ልጅ ነኝና በርበሬ አትነግሩኝም፤ ዛላው ረጅም፣ ቀለሙ የደም፣ ለቅመው ለቅመው ያወጡት የምርጡ ምርጥ ነበር። አሁንም በረንዳው ላይ ቆመው ያመሰግኑኝ ጀመር። ይህኔ ከአሥር አራቷ ትዝ አለችኝና ደሜ ፈላ።

"ስሙኝ" አልኳቸው፤ "እኔ ዘንድ ማርክ በማር አይገዛም። በበርበሬም አይገዛም። ልጅዎ ማርክ የምታገኘው ስታጠና ነው።"

ይቆጣሉ ወይም ያፍራሉ ብዬ ስጠብቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እውነትዎን ነው፤ ጠበቅ አርገው ይያዙልን። ያ በርበሬ እንዳይሻግትብዎ ደግሞ ፀሐይ ያሳዩት። እግዜር ይስጥልን" ብለው ሄዱ። እኔም በርበሬውን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

በሦስተኛው ሳምንት አውራ ዶሮ መጣ፣ ከነሕይወቱ። "አርደን እንዳናመጣልዎ የእርስዎ ሃይማኖት የራሱ ባራኪ አለው" አሉኝ፤ "በራስዎ ሰው ያሳርዱት።" ቁጣዬ እዚህ ላይ ተሰናከለ። ማርክ ሊገዛ የመጣ ሰው ይህን ያህል አያስብም። የዶሮውን እግር ያሰሩት እንኳ እንዳያቆስለው በጨርቅ ቅዳጅ ነው። ቢሆንም ዶሮው በማግሥቱ ማለዳ መጮህ ሲጀምር የአሥራ አንድ ዓመት ዝምታዬን በአንድ ጠዋት ጨረሰው።

ቡሬ ደወልኩ።

"አባባ፣ አንድ ሰው ያላደረግሁለትን ነገር እያመሰገነ አስቸገረኝ" አልኳቸው።

"ምን ይዞ ይመጣል?"

አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

"ማሩን ቀመስሽው?"

"ቀመስኩት።"

"ምን ያህል ቀመስሽ?"

ባልዲውን ዘወር ብዬ አየሁት። "ግማሽ ይሆናል" አልኩ።

አባቴ ሳቃቸው ሳል እስኪሆንባቸው ሳቁ። "እንግዲያው ቀብዱን በልተሻል ልጄ። የቀረሽ ዕቃውን ማስረከብ ነው።"

"የምን ዕቃ? እኔ የሸጥኩት የለም!"

"እሱን ልጅቱን ጠይቂያት። ያገራችንን ሰው አታውቂውም እንዴ? የፈለገውን አይነግርሽም፤ እስኪገባሽ ድረስ ያመሰግንሻል።"

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ልጅቱን አስጠራኋት። ከመምህራን ክፍል በር ላይ እግሯን እያየች ቆመች። አባትሽ ምን ፈልገው ነው ብላት ዝም፤ ንገሪኝ እንጂ ብላት ዝም። ሦስተኛ ስጠይቃት በዚያ በማይሰማው ድምፅዋ፣

"ቲቸር፣ ጽፌልዎት ነበር እኮ" አለችኝ።

"የት ላይ?"

"ደብተሬ ላይ።"

ደብተሩን አስመጣሁና እንደገና አነበብኩት። ንጹሕ አጥር። አረንጓዴ በር። ጸጥታ ያለው ግቢ። ከጓሮ ያለችው፣ መስኮቷ ሁልጊዜ ዝግ የሆነችው ክፍል። የአሥራ አንድ ዓመት የፈተና ወረቀት የቆለልኩባት ሰርቪስ ናት።

"ሰርቪሷን ነው?" አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች።

ከዚያ ቡሽ እንደተነቀለለት ጠርሙስ ሁሉንም ዘረገፈችልኝ። ከእኔው ሰፈር፣ ከሦስት ቤት ወዲያ፣ ከአገሯ ልጆች ጋር ለሦስት አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ጥቅምት ላይ አንደኛዋ ሥራ ፍለጋ ባሕር ዳር ሄደች፤ ሌላዋን ዳሯት። አባቷ አንዲት ልጅ ብቻዋን በኪራይ ቤት እንድታድር አይፈቅዱም፤ ለጊዜው አከራይዋ ከልጆቻቸው ጋር ያሳድሯታል። ይህ ወሬ በተሰማ በሳምንቱ ሽማግሌዎች መጡ፤ ከወንዝ ማዶ ያለ ባለ ብዙ በሬ ገበሬ ለልጁ ሊያጫት ፈልጓል። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ጥር ደግሞ ሩቅ አልነበረም። አባቷ አልፈለጉም። ነገር ግን በእኛ አገር ሽማግሌ ያለ ምክንያት በባዶ አይመለስም፤ ቂም ይሆናል። ስለዚህ አባቷ አንድ ምክንያት ሰጡ።

"ምን አሏቸው?" አልኩ፤ ልቤ እየነገረኝ።

"'ልጅቱ በእጄ የለችም፤ መምህርቷ ቤቷ አስገብታታለች። እስክትጨርስ ድረስ አደራ ሰጥቻታለሁ፤ አደራ አላፈርስም' አሏቸው።"

"ሽማግሌዎቹስ?"

"'ከጥምቀት በኋላ መጥተን እናያለን' ብለው ሄዱ።"

"መቼ ነው ይህ የሆነው?"

"ጥቅምት መጨረሻ ላይ።"

ይኸውላችሁ እንግዲህ። እኔ ኅዳር ላይ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ስለ ኢን አድቫንስ ሳስተምር ልጅቱ እኔ ቤት መኖር ከጀመረች ሳምንታት አልፈዋል። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ተናደድኩ፤ አልዋሽም። በስሜ አደራ ተሰጠ፣ በቤቴ እንግዳ ገባ፣ እኔ ማር እየላስኩ ተቀምጫለሁ። "ታዲያ በቀጥታ አትጠይቁኝም ነበር?" ብዬ ጮህኩባት።

ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ። "በቀጥታ ብንጠይቅዎትና ባይመችዎት፣ እንቢ ማለት ሊኖርብዎ ነው" አለች። "ከዚያ ወዲህ ባየነዎት ቁጥር እርስዎም ያፍራሉ፣ አባቴም በዚያ በር አያልፉም። ካልጠየቅንዎት ግን እንቢ አይሉም። ማሩን በልተው ዝም ማለት ይችላሉ።"

እኔ በክፍል ውስጥ ቀድሞ ማመስገን እንቢ የሚሉበትን በር ይዘጋል ብዬ አስተምሬአለሁ። እነሱ ለካ በሩን ክፍት ያደረጉልኝ ሳያሳፍሩኝ እንዳልፍበት ነው። ጥያቄሽ የት አለ ብዬ በቀይ የጻፍኩባት ልጅ፣ ጥያቄዋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር ተጽፎ ነበር። አፈርኩ። ደብተሩን ዘግቼ ወደ ክፍልሽ ሂጂ አልኳት።

ያን ሳምንት ከራሴ ጋር ተጣላሁ። "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ይላል ያገሬ ሰው፤ ይህ ሰው ግን የወለዳት እንዳትጠፋበት ነው የተናገረው። እኔ እንቢ ብል ቃሉ ውሸት ይሆናል፣ ልጅቱ በጥር ትዳራለች፤ ማንም እኔን አይወቅስም። የሚከብደኝ እሱ ነበር፤ ማንም አይወቅስም። በሌላ በኩል ደግሞ ሰው ምን ይላል የሚለው ነገር አለ፤ የሙስሊም ቤት የክርስቲያን ልጅ ስታድር፣ ድስቱስ፣ ጾሙስ? ይህን ሁሉ ስደረድር ቆየሁና ዋናው ምክንያት እሱ እንዳልሆነ ለራሴ አመንኩ። ዋናው ምክንያት ዝምታዬ ነበር። ጫማዬን አውልቄ ሻይ የማፈላባት ሰዓቴን ለሰው ማካፈል ፈራሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ሰርቪሷን ከፈትኩ። የፈተናውን ወረቀት አወጣሁት፤ ከነሦስቱ፣ ከነአራቱ። መስኮቷን ለመክፈት በመዶሻ መምታት ነበረብኝ፤ ከተከፈተ በኋላ ግን የጎረቤቴ ማንጎ ዛፍ ይታያል። አሥራ አንድ ዓመት ያ ዛፍ ከዚህ እንደሚታይ አላወቅሁም ነበር።

አሁን የቀረው እሺ ማለት ነው። ግን ያልጠየቀህን ሰው እሺ እንዴት ትለዋለህ? ይህን ሳስብ ባልዲው ታየኝ። የተረፈውን ማር ወደ ጠርሙስ ገለበጥኩ፣ ባልዲውን አጠብኩ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም። አንድ ኪሎ ስኳር አስገባሁበት። በስኳሩ ላይ የሰርቪሷን ሁለተኛ ቁልፍ በቀይ ክር አስሬ አኖርኩና ከደንኩት። ዓርብ ለልጅቱ ሰጠኋት፤ "ለአባትሽ" ብቻ አልኳት። እሷም ምን አለበት አላለችኝም።

እሑድ አንድ ጋሪ ከግቢዬ በር ላይ ቆመ። ፍራሽ፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን፣ ግማሽ ጆንያ ጤፍና ልጅቱ። አባቷ ፍራሹን ራሳቸው አስገቡ፤ መስኮቱን ከፍተው ዘጉት፤ መቀርቀሪያውን ገፋ አርገው ሞከሩት። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ "ምንም አይደል፣ ምን ችግር አለው" የሚለውን መልሴን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ። ጨርሰው ወጡ፤ የዶሮውን አንገት ደባበሱ። ማሳረድ አልሆነልኝ ብሎ ግቢው ውስጥ ይዞር ነበር። "በሉ ደህና ይዋሉ መምህርት" አሉና ጋሪው ላይ ወጥተው ሄዱ።

በቃ። አንዲት ቃል ምስጋና የለም!

"ይሄ ምን ይባላል?" አልኳት ልጅቱን። "አባትሽ ዛሬ አንዲት እግዜር ይስጥልን እንኳ አይሉም?"

"ቲቸር፣ እሳቸው እኮ ጨርሰውታል" አለችና ሳቀች። ድምፅዋን እንዲያ ከፍ አድርጋ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ከጥምቀት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች በእርግጥም መጡ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከዘራቸውን ተደግፈው ግቢውን ቃኙ፤ ገመዱ ላይ የተሰጣውን የደንብ ልብሷን አዩ። "የዚያ ሰው ልጅ እርስዎ ዘንድ ናት የሚባለው እውነት ነው?" አሉኝ። ደብተር በማርምበት ድምፄ፣ "አደራዬ ናት፤ እስክትጨርስ የሚነካት የለም" አልኳቸው። ነርሱን ያስለቀሰ ድምፅ ነው። ሻይ በማር አቀረብኩላቸው፤ ማሩ ጥሩ ነው ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ሦስት ዓመት ተኩል አብረን ኖርን። ድስታችን ሁለት፣ መሶባችን አንድ ነበር። የእሷ ዐቢይ ጾምና የእኔ ረመዳን የገጠሙ ጊዜ ቤታችን ውስጥ ቀን የሚበላ ዶሮው ብቻ ነበር፤ እኔ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ የማፈጥረው በእሷ የጾም ሽሮ ነው። እኔ ለሰላት ስቆም ራዲዮኑን ትዘጋልኛለች፤ እሷ ለቅዳሴ ስትነሣ እኔ ነኝ የምቀሰቅሳት፤ ዶሮው ቀድሞን ካልጮኸ። የቤት ሥራዋን እንደማንኛውም ልጅ በቀይ አረምኩት። አንድ ነገር ስትፈልግ ግን አሁንም አትጠይቅም ነበር። ጫማዋ ሲያልቅ የእኔን ጫማ ጠርጋ በር ላይ ትደረድረዋለች፤ ይገባኛል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አለፈችና ዩኒቨርሲቲ ገባች። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝቻት ስመለስ ጫማዬን አውልቄ ሻይ አፈላሁ። ያ ስሳሳለት የነበረው ዝምታ ቤቱን ሞልቶ ቁጭ ብሏል። ዶሮው በዚያው ዓመት አረጀና ሞተ። መስኮቷን እንዳትጣበቅ ብዬ በየሳምንቱ እከፍታት ነበር፤ ማንጎውን የሚያየው ግን የለም። ብቸኝነት አስጠላኝ፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአባቴ እንኳ።

ባለፈው ሐምሌ ቡሬ ሄጄ ከአባቴ ሱቅ ወፍራም የብርድ ልብስ መረጥኩ። "ለማን ነው?" አሉኝ። "ለአንድ ሰው" አልኩ። አባቴ ፊቴን አይተው ዋጋ አልተቀበሉኝም፤ "ቀብድ ነው" ብለው ጠቀለሉልኝ። ብርድ ልብሱን በዘንቢል ይዤ እስከ ማንኩሳ በመኪና፣ ከማንኩሳ ወዲያ ጭቃውን በእግሬ ተጓዝኩ። ጫማዬ ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በእጄ ነቅየዋለሁ።

አባቷ ደጃፋቸው ላይ የአጥር እንጨት ሲጠርቡ ደረስኩ። ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው ተነሡ። ዘንቢሉን መደቡ ላይ አኖርኩና፣

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። "እኔ በምን አቅሜ እከፍልዎታለሁ፤ ብድሩን እሱ ይክፈልዎ።"

ገበሬው ዘንቢሉን አዩት። "ምን አደረግሁልዎና?" አሉ።

"ኧረ ስንቱን!" አልኩ።

ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተነቃነቀ፤ ግን አልሳቁም። ቁጭ በሉ አሉኝና የተቀቀለ ድንች ከነሚጥሚጣው ቀረበልኝ። ስለ ዝናቡ አወራን፤ ስለ ማዳበሪያ አወራን፤ ስለ ትልቋ ልጃቸው ውጤት አወራን። ውኃ ያቀረበችልን ትልቋ ስታወራልኝ የኖረችው ታናሽ እህቷ ናት፤ እንደ እህቷ እግሯን እያየች። አባቷ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው "ይቺም ዘንድሮ ስምንተኛን ጨርሳለች" አሉ፤ ለጣሪያው እንደሚነግሩ ዓይነት።

"እኔ አልጠየቅሁም" አልኩ።

"እኔም አልመለስኩም" አሉ።

ሊሸኙኝ እስከ ወንዙ አብረውኝ ወጡ። እዚያ ቆመው ዘንቢሌን ሰጡኝ፤ ከበደኝ። "ማመልከቻ ስናስገባ" አሉ፣ "ከሁሉ የምትሠራው የመጨረሻዋ መስመር ናት።" ከዚያ ደህና ይግቡ ብለውኝ ተመለሱ።

ማንኩሳ ደርሼ መኪና ስጠብቅ ዘንቢሉን ከፈትኩት። ከላይ ድንች ነው። ከድንቹ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አለ፤ ፈታሁት። የታናሽቱ የሰኔ ሠላሳ ካርድ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ለመመዝገብ የሚጠየቀው። በካርዱ መሐል የታጠፈ ቀይ ክር አለ፤ በክሩ ጫፍ የሰርቪሴ ቁልፍ።

የእንግሊዝኛ ውጤቷን ፈለግሁት። ሃምሳ ሁለት ይላል። መንገድ ዳር ድንች ታቅፌ ቆሜ ሳቅሁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነብኝ፤ ጋሪ የሚነዳ ሰው ዘወር ብሎ አየኝ። ሃምሳ ሁለቱን እኔ አለሁለት አልኩ ለራሴ። ከዚያ ቡሬ ደወልኩና "አባባ፣ ዕቃውን ተረከብኩ" አልኳቸው።